ቴፑን የማቆምበት ቦታ

ጥር 14፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 12፡40

ሦስተኛ ጊዜ ሽቦውን በየድኩት። ሦስተኛ ጊዜ ለቀቀ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ብርዱ ነው። አይደለም፣ ዕድሜ ነው።

አንተ ደብተር፣ ያለፈው ዓመት የትምህርት ዕቅድ መጻፊያ ነህ። ግማሽህ ባዶ ስለቀረ ነው የያዝኩህ። ስለዚህ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ልንገርህ፣ ኋላ ራሴው እንዳልደናገር። ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነው። ቁልፍ ሰሌዳውም አካሉም አንድ የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ፕሮግራሙን ከካሴት የሚያነብ ዓይነት። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ ሄደ። ከጎኑ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የዋይፋይ ቦርድ አለች። ሥራው ሁለቱን ማነጋገር ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የድሮውን በስልክ መስመር የሚደውል ሞደም ብቻ ነው። ቦርዷ ያንን ሞደም መስላ ትቀርበዋለች። ደውዪ ይላታል፣ እሷ በስልኬ በኩል ኢንተርኔት ውስጥ ትገባለች። ርካሽ ነገር ነው። ዕቃው ሁሉ ተደምሮ የአንድ ጫማ ዋጋ አይሞላም።

አንድ ጣጣ አለው። ማሽኑ በ5 ቮልት ይናገራል። ቦርዷ የምትችለው 3.3 ነው። መሀል ላይ የሚያለዝቡ ሁለት ሬዚስተሮች ካልገቡ ትቃጠላለች።

ሰይድ ትናንት ሳቀብኝ። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ሰይድ። «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን በስልክዎ ፎቶ አንስተው አይልኩላትም እንዴ? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ብየዳ?» አለኝ። የፊደል ፎቶ ፊደል አይደለም አልኩት። «ወላሂ እርስዎ ሰው ካልፈተኑ እንቅልፍ አይወስድዎትም» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጥዬ ወጣሁ።

2፡00 ክፍል አለኝ። 11ኛ ለ። ትናንት ያረምኩት ፈተና ያሳፍራል። አሃድ ሳይጽፉ መልስ ይሰጣሉ። አምስት ምን? አምስት ዶሮ?

ጥር 17፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ለማን እንደምሠራው አልነገርኩህም። ለምህረት። አንድ ልጄ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የእናቷ እህት አበቡ ናት የወሰደቻት።

ስንዱ ካረፈች ዓመት ከሦስት ወር። ባለቤቴ። ሆዴን አለች፣ ደሴ ሳንደርስ መንገድ ላይ አለቀ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ተዝካሯ ዕለት ምህረት ደወለች። አሠሪዎቿ አልለቀቋት፣ ለለቅሶም አልመጣች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። የእማዬ ድምፅ የተቀዳበት ነገር ቤት ውስጥ አለ ወይ? የለም አልኩ። እውነት ነው፤ ስንዱ ባለቁልፍ ስልክ ነበር የምትይዘው፣ ከፎቶ እንኳ ትሸሻለች።  «ያ ካሴትስ?» አለች ምህረት።

አጥፍቼዋለሁ፣ ፕሮግራም ቀድቼበታለሁ አልኳት። እንዲሁ። እንደ ፈተና መልስ።

ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የምልከውን ታያለች። ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ይሆናሉ። ለገና ላኩ፣ ለጥምቀት ላኩ። ትከፍተዋለች። አትመልስም።

ካሴቱን ልንገርህ። ምህረት ስድስት ዓመቷ ነበር። ያኔ ጅዳ ላለ ሰው ደብዳቤ በካሴት ነው የሚላከው። ሰው ቁጭ ብሎ ሰላምታውንም ወሬውንም ይቀዳል፣ መንገደኛ ይዞለት ይሄዳል። ስንዱ ለአበቡ ልትቀዳ ፈለገች። በማግስቱ የምትሄድ ሴት ተገኘች፣ ባዶ ካሴት ግን የለም። ከመሳቢያዬ አንዱን አውጥታ ብታጫውተው ጩኸት ብቻ ሆነባት። የኮምፒውተር ፕሮግራም በጆሮ ሲሰማ ጩኸት ነው፤ እሷ ከየት ታውቀዋለች? የተበላሸ ካሴት መሰላት። ቀዳችበት። እየቀዳች ደረስኩ። ያልኩትን አልጽፈውም።

ካሴቱን ነጠቅኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን ከማስታወሻ ገልብጬ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ በዚያው ካሴት ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በድምጿ ላይ ቀዳሁት። ሌላ ካሴት መግዛት እችል ነበር። ያንኑ ፈለግኩ። ስንዱ ከዚያ ቀን በኋላ ካሴት ቀድታ አታውቅም። አበቡም ደብዳቤው አልደረሳትም።

10፡15

መብራት ሄዶ መጣ። የጀመርኩትን ልጨርስ።

ያ ፕሮግራም የፊደል ፕሮግራም ነው። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። እያንዳንዱን ፊደል ስምንት በስምንት በሆነ ሰንጠረዥ ላይ በነጥብ መሣል ያስፈልጋል። እኔ ስሞክር የሰከረ ሰው የጻፈው መሰለ። የሣለችው ስንዱ ናት። የከላላ ልጅ ናት፣ ጥልፍ ታውቃለች፤ ትራሱንም መጋረጃውንም ክር ቆጥራ ነው የምትሠራው። በሒሳብ ደብተር ላይ ካሬ እየቆጠረች ክረምቱን ፈጀች። «ጨ» ከነእግሮቹ በስምንት ካሬ አይገባም አልኳት። አስገባችው።

ያ የነጥብ ደብተር ለት/ቤት ኤግዚቢሽን ተወስዶ አልተመለሰም። ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም የኔ ነው። ማነው የሠራው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም እሷ ናት አላልኩም።

እንግዲህ ፊደሉ ያለው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ነው። እዚያ ካሴት ላይ። ድምጿ ከሌለ የእጇ ሥራ አለ። ከማሽኑ አውጥቼ ነጥብ በነጥብ ለምህረት እልካለሁ። ስልኬ ነጥቡን ተቀብሎ መልሶ ይሥለዋል፣ ለሷ ያሻግረዋል። ሰይድ ቢሰማ «እና ፎቶ አይደለም?» ይላል። አይደለም። ስንዱ የቆጠረችው ነጥብ ራሱ ነው።

ጥር 20፣ ረቡዕ። ከቀኑ 9፡00

ቦርዷ ተቃጠለች። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

ሰይድ ሱቅ ሄጄ አሮጌ ቦርድ አዲስ ብለህ ሸጥክልኝ አልኩት። ሰው ፊት። ሌባ አልኩት። ሁለት ገበሬዎች ቻርጀር ሊገዙ ቆመው ነበር፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሰይድ መልሶ አልሰደበኝም። «አብሽሩ ጋሼ፣ አያታለሁ» ብቻ አለ። ቦርዷን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

10፡30

ቤት ገብቼ ሥራዬን አየሁት። ሽቦውን የሰካሁት ከሬዚስተሮቹ በፊት ነው። አምስቱን ቮልት በቀጥታ። እኔ።

ተመልሼ ልንገረው? መሽቷል። አልመሸም፣ ፀሐይ ገና ጣራው ላይ ናት። ነገ። ነገ ማርያም ናት።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ማርያም። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሴቶቹ ስለ ምህረት ጠየቁኝ። ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች አልኩ። ውሸት፣ ከነአሃዱ የተሟላ።

ሰይድ ጋ አልሄድኩም።

ጥር 26፣ ማክሰኞ። 11፡10

የት/ቤቱ ዘበኛ ትንሽ ፖስታ ሰጠኝ። የደሴ ሾፌር ነው ያመጣው አለ፣ ሰይድ ከደሴ አስመጥቶልህ ነው። አዲስ ቦርድ። ማስታወሻ የለበትም። ሂሳብ የለበትም። በስድብ ቢልክልኝ ይቀለኝ ነበር።

ሬዚስተሮቹን አራት ጊዜ ለካሁ። የማሽኑን መላኪያ ከቦርዷ መቀበያ፣ የማሽኑን መቀበያ ከቦርዷ መላኪያ። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሰማ እንዲያ ተሻግሮ ነው የሚሰካው። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ኤ-ቲ ብዬ ጻፍኩ፤ ለሞደም «ስሚኝ» እንደማለት ነው።

አንድ ሰከንድ። ሁለት።

ከታች መስመሩ ላይ መጣ። ኦኬ።

«ስንዱ፣ ነይ እዪ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

ቁጭ ብያለሁ። እስካሁን ስክሪኑ ላይ ኦኬ እንዳለች ናት።

ጥር 28፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10፡00

መስመሩ ይሠራል። ከማሽኑ በላቲን የጻፍኩት ስልኬ ላይ ደረሰ። ቀርፋፋ ነው፤ ፊደል እየለቀመ ነው የሚያልፈው። ግን አንድም አይስትም። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ይለኝ ነበር።

የቀረው የፊደሉን ፕሮግራም ከካሴቱ መጫን ነው። እሱ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ስህተት አለ፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ። ካሴቱ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚሰናከለው። ስለዚህ ቴፑ ነው፣ ፍጥነቱ ይወዛወዛል። ድሮ አንድም ጊዜ አስቸግሮኝ አያውቅም። ገመዱን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ማሽኑ እሰካለሁ። ገመዱ ሲገባ የቴፑ ድምፅ ማጉያ ይዘጋል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስክሪኑ «ተጭኗል» ሲል ወዲያው ቴፑን አቆማለሁ። በዚያችው ሰከንድ። ቴፕ በከንቱ ሲዞር አልወድም፣ ክሩ ያልቃል። ስንዱ ቆማ ታየኝና ምናለ ትንሽ ቢዞር ትለኝ ነበር።

አሥራ አንድ ደቂቃው ረጅም ስለሆነ አንዴ ከጫንኩ ማሽኑን ሳላጠፋ ነበር ት/ቤት የምሄደው። መብራት ካልሄደ ስመለስ እንደበራ አገኘዋለሁ።

ቴፕ የሚጠግን ሰው መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ነው። እሱም ሌባ ያልኩት ሰው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 4፡00

ሄድኩ። ገበያተኛ በዝቷል፣ ሁለት ጊዜ ሱቁን አልፌ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ራሱ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ምን መንገዱን ይለካሉ?»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ቦርዷ ትሠራለች ነው ያልኩት።

«ኧረ ደግ! ይቺኛዋ ሌባ አይደለችማ?» አለ። ፈገግ ብሎ። ፊቴ ነደደ። ቴፑንና ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ከፍቶ አየው። ክሩን የሚያዞረው ላስቲክ ረግቧል። ከወረኢሉ ያመጣው አንድ የሞተ ቴፕ አለው፣ የሱን ነቅሎ ይከትልኛል። ማክሰኞ ይምጡ አለ። ካሴቱን አደራ፣ አንድ ብቻ ነው አልኩት። «በዓይኔ ላይ» አለ። ዓይኑን እየነካ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። 11፡00

በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። አለበለዚያ አልችልም።

9፡30 ሰይድ ሱቅ ደረስኩ። ላስቲኩን ቀይሮ ጨርሷል። ለሙከራ ካሴቱን ከቶ አስነሳው። ገመድ አልሰካም፤ ለሱ ቴፕ የሚሰማ ነገር ነው። ጩኸቱ ሱቁን ሞላው። ስልክ ልታሠራ የመጣች አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። «ይሄ ነው እንዴ ሲያጣላን የከረመው?» አለ ሰይድ። ፍጥነቱ ደህና ነው፣ በጆሮዬ አውቀዋለሁ፣ አጥፋው አልኩት። ሴትየዋ ስልኳን ዘረጋችለት። ወደ ሷ ዞረ፣ ቴፑን ረሳው። መነታረክ አልፈለግኩም፤ አንድ ጊዜ ተነታርኬ አፍሬያለሁ። ቆምኩ። ደቂቃዎቹ አለፉ።

ጩኸቱ አለቀ። ፕሮግራሙ ያበቃው እዚያ ነው፣ ሁልጊዜ የማቆመው እዚያ ነው። እጄ በልማዱ ሄደ። መሀላችን የመስታወት ሣጥን አለ። አልደረሰም።

ባዶ ቴፕ ሲዞር የሚሰማው ሽሽታ። ከዚያ ሰው።

«...እና አበቡዬ፣ ልብስ አትላኪልኝ። ያንቺ ጤና ይበቃኛል።»

ሰይድ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። «እትዬ ስንዱ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ቡታጋዟን ሊሠራ ቤት ይመጣ ነበር፣ ምሳ ሳታበላው አትለቀውም ነበር። ሴትየዋ ስንዱን አታውቃትም። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

እኔ? የመስታወቱን ሣጥን ጠርዝ ይዣለሁ። ካሴቱ በአንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፣ ፕሮግራሙ አሥራ አንድ ነው፣ ደብዳቤዋ ከዚያ ቢረዝምስ? እያልኩ ሳሰላ ነበር። አራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። አሃድ ለረሳ ልጅ ዜሮ የምሰጥ ሰው ይህችን መቀነስ ሃያ ሁለት ዓመት አልሠራኋትም። ጠፍቷል ብዬ ተዝካሯ ላይ ለልጇ ነገርኳት። ድምጿ ግን እጄ ካረፈበት ቦታ ሁለት ሰከንድ ወዲያ ነበር።

የካቲት 4፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 12፡30

አራት ደቂቃ ናት። ሰይድ በገመድ ወደ ስልኩ ቀዳው፣ ከዚያ ወደኔ ላከው። ካሴቱ አርጅቷል፣ ደጋግመው አያጫውቱት አለኝ።

የምትለውን እጽፋለሁ። ስልክ ይጠፋል።

ምህረት ሁለት ጥርሷ ወልቋል ትላለች። ስታወራ ብትሰሚያት በሳቅ ትሞቻለሽ፣ ነይ አክስትሽን ሰላም በያት። ልጅቷ ትመጣለች። አክስቴ እንዴት ነሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬ ፊደል ትጠልፋለች። በወለቀው ጥርስ በኩል ነፋሱ ያልፋል። ስንዱ ትስቃለች። ሳቋን ረስቼው ነበር። ከአፍንጫዋ ነው የሚጀምረው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳለ፦

«እውነቷን ነው። ስምንት በስምንት ነው፣ እንደ ትራስ ጥልፍ ቆጥረሽ ነው። እሱ ማሽኑን አብርቶ ይሄዳል አይደል? ሲወጣ ቁጭ እልበታለሁ። ስሜን ጻፍኩበት፣ አበቡ። ራሴ! ቴሌቪዥን ላይ ስንዱ ሲል! ደግሜ አጠፋሁት። አልነገርኩትም። ሲስቅ የዋለ ቀን ጠብቄ እነግረዋለሁ። ክፉ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ነገር ሲበላሽ ራሱን ነው የሚጠላው። መሀል ላይ ቆመን ስለምንገኝ ነው እኛን የሚያገኘን።»

ማሽኑን መንካቷን አላውቅም ነበር። በወረቀት ብቻ የምትሥል ይመስለኝ ነበር። የሳቅኩበትን ቀን እየጠበቀች ነበር። ኖራ ኖራ ሳትነግረኝ ሞተች።

ከዚያ በር ይከፈታል። የኔ ድምፅ። ማነው ይህን የነካው? ማነው አልኩ! ሌላም አለ፣ ስለ ቤተሰቧ። ልጅቷ ማልቀስ ትጀምራለች። ቋ ይላል። አለቀ።

የኔው ክፍል ስምንት ሰከንድ ነው።

የካቲት 6፣ ዓርብ። 10፡20

ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አሃድ ረሳ። ሳልቆጣ አለፍኩት። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሰይድ መንገድ ላይ አገኘኝ። ልከውላታል ወይ አለ። አልላክኩም አልኩ። ገባው። አብሮ ሰምቶታል እኮ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ መቁረጥ ቀላል ነው፣ በጣት ነው። «እትዬ ስንዱ ተናግረው ሲጨርሱ እናቆመዋለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የርስዎ ብቻ ነው። ልጅቷን ምን ይጠቅማታል ጋሼ?»

ምንም አይጠቅማትም። ልክ ነው። እናቷ ስቃ፣ ስለኔም ደግ ተናግራ ያልቃል። ምህረት ምናልባት ትደውላለች። ተቆርጦ ከሄደ ትደውላለች። ስምንቱ ሰከንድ ከሄደ ግን ያን ቀን እንደገና እጇ ላይ ማስቀመጤ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ምልክቶችም ሰማያዊ ላይሆኑ ይችላሉ።

ይቁረጠው?

የካቲት 8፣ እሑድ። ከቀኑ 8፡00

ቅበላ። ሥጋ ቤቶቹ ደጅ ሰልፍ ነው። እኔ ፕሮግራም ስጭን ዋልኩ። ላስቲኩ ደህና ሆኗል፣ በመጀመሪያው ገባ። ስክሪኑ «ተጭኗል» አለ። ቴፑን አቆምኩ። አቁሜ እጄን አየሁት።

ፊደሎቿ ወጡ። ሁሉም። «ጨ» ከነእግሮቹ።

ወደ ሰይድ ሄድኩ። የነሱም ጾም በዚሁ ሳምንት ሊገባ ነው፣ ሱቁን ቶሎ ሊዘጋ እያጸዳ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ቦርዷን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ ሽቦውን ያለቦታው ሰክቼ፣ አንተን ሌባ አልኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።

«ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ቦርድ የት ጋ እንደነደደ ይናገራል» አለ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

«እርስዎ ነዎታ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። ሰው ይቅርታ ሲጠይቁ የመጀመሪያዎ ነው አይደል አለኝ። መጥረጊያውን ይዞ። አዎ አልኩ። ያስታውቃል አለ።

የካቲት 9፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 1፡00

ወሰንኩ። አይቆረጥም።

ምክንያቱን ልጻፈው፣ በኋላ ፈርቼ እንዳልክደው። ምህረት ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ ምን እንደመጣ ታውቃለች። ብቆርጠው የተቆረጠበትን ቦታ ትሰማዋለች። ደግሞም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ቴፕ የት ላይ እንደሚቆም የወሰንኩት እኔ ነኝ። ይበቃል።

1፡25

በማሽኑ ጻፍኩ፣ በስንዱ ፊደል፦ ምህረት። ካሴቱን ላጠፋው ፈልጌ ነበር። አልጠፋም። አሁን እልክልሻለሁ፣ እኔም መጨረሻው ላይ አለሁበት። እስከዚያ ድረስ መስማት ግዴታሽ አይደለም። ይህን ፊደል የሠራችው እናትሽ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ይቅርታ። አባትሽ።

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት የለበትም። እጄ የመላኪያውን ቁልፍ አልነካ አለኝ።

1፡40

ላኩ። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ እንደ ክር። ቦርዷ ኦኬ አለች። ቀጥሎ ድምፁን በስልክ። አራቱን ደቂቃ ሙሉ። ስምንቱንም ሰከንድ።

አንድ ምልክት። ሁለት። ግራጫ ነው። ጅዳና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው፤ አሁን የሰው ልጆች ቁርስ ታበላለች።

1፡48

ክፍል 2፡00 ነው። በሃያ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። አሁን ካልወጣሁ አልደርስም።

ሰይድ ደጋግመው አያጫውቱት ብሎኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩ። ገመዱን ነቀልኩ። አስነሳሁት። ጩኸቱ ቤቱን ይዞታል፣ ጎረቤት ምን ይል። ስንዱ የተበላሸ መስሏት ነበር። እውነቷን ነው፣ እንዲህ ነው የሚሰማው።

የት/ቤቱ ደወል እስከዚህ ይሰማል። ተደወለ።

ስልኩን ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፣ ቀለሙን እንዳላይ።

ጩኸቱ ቆመ። እጄ ተነሳ። መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ይዙር። ሽሽታው መጣ፣ አሁን ስንዱ...